ለሆስፒታል ማስፋፊያ የትኛው የውጭ ልባስ? አሉኮቦንድ፣ ፖርስሊን፣ ድንጋይ ወይስ ልስን

ባለፈው ሰሞን አንድ የማከብራቸው ሰው ደወሉልኝ። ደሴ ውስጥ የአንድ ሆስፒታል የማስፋፊያ ኮሚቴ አባል ናቸው። አዲሱ ሕንፃ ባለ አራት ፎቅ ነው። ስትራክቸሩ አልቋል፤ ብሎኬቱም ተደርድሯል። የቀረው የውጭ ልብሱ ነው። «ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል ልጄ። ግማሹ አሉኮቦንድ ይላል፣ ግማሹ ፖርስሊን። አንተ ስንት ሕንፃ አልብሰሃል፤ የትኛው ያምራል?» አሉኝ።

«ያምራል ከተባለ ሁለቱም ያምራሉ። ጥያቄዎን ግን ትንሽ ልቀይረው» አልኳቸው። «እሳት ቢነሳ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኦክስጅን ተሰክቶለት የተኛውን ሰው ማን ያወርደዋል?»

ዝም አሉ። የሆስፒታል ልባስ ከሆቴልና ከገበያ ማዕከል የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የሆቴል እንግዳ ደወል ሲሰማ ሮጦ ይወጣል። ቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ላይ ያለ ሰው፣ ምጥ የያዛት እናት፣ ማሞቂያ ውስጥ ያለ ጨቅላ አይሮጡም። ስለዚህ የሆስፒታል ልባስ የሚመረጠው ከፊቱ አይደለም፤ ከጀርባው ነው። ፓኔሉ ውስጥ ምን አለ? ግድግዳው ላይ በምን ተያዘ? ከኋላው ባለው ክፍተት ምን ይገባል? ከአሮጌው ሕንፃ ጋር የሚገናኝበት ቦታስ እንዴት ተዘጋ? ቀለሙና ውበቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ለእሳቸው በስልክ የነገርኳቸውን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ኮምቦልቻም ሆነ ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ውሳኔ ፊት ለቆመ ሰው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ቦታውን ሳያውቁ ልባስ አይመረጥም

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ከፍታዋ ግን 1,850 ሜትር ገደማ ነው። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎ ዳገት የወጣ ሰው ልዩነቱን በጆሮው ያውቀዋል። የአልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ርካሽ ቀለም ደሴ ላይ ቶሎ የሚገረጣው ለዚህ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ የጦሳ ተራራ ጉም ይለብሳል፣ ግድግዳ ለቀናት ሳይደርቅ ይቆያል። በልግም አለብን። መጋቢትና ሚያዝያ «በጋ ነው» ብሎ ልስን የጀመረ ሰው ሥራው በዝናብ ሲታጠብ አይቻለሁ።

ሌላው መሬቱ ነው። የስምጥ ሸለቆው ጫፍ ላይ ነን። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ ወደ ሸዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ መጀቴን አፍርሷል፤ ካራ ቆሬንም ክፉኛ ጎድቷል። ደሴ ራሷ ተዳፋት ላይ የተሠራች፣ የመሬት መንሸራተት የምታውቅ ከተማ ናት። በመንቀጥቀጥ ጊዜ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር ሁሉ በክብደቱ ልክ ይጎትታል። ከሥሩ ደግሞ በአልጋ የሚገፋ በሽተኛና አምቡላንስ አለ። ክብደትን እንግዲህ በዚህ ዓይን እዩት።

በካሬ ስንመዝነው እንዲህ ነው። አሉኮቦንድ፣ ማለትም በሁለት ስስ አሉሚኒየም መካከል ሙሌት ያለው ፓኔል፣ እንደ ሙሌቱ ከ5.5 እስከ 8 ኪሎ። 8 ሚሊ ሜትር ፋይበር ሲሚንቶ 15 ኪሎ ገደማ። 1 ሳንቲ ሜትር ፖርስሊን 23 ኪሎ ገደማ። 2 ሳንቲ ሜትር ግራናይት 54 ኪሎ። ለ1,000 ካሬ ግድግዳ ግራናይቱ ብቻውን 54 ቶን ይሆናል ማለት ነው፤ የሚይዘው ብረት ሳይቆጠር።

አሉኮቦንድ፦ ስሙ አንድ፣ ዓይነቱ ሦስት

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልጻፍ፤ ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ነውና።

አሉኮቦንድ በመሠረቱ የአንድ ምርት የንግድ ስም ነው። እኛ ግን የአሉሚኒየም ኮምፖዚት ፓኔልን ሁሉ በዚሁ ስም እንጠራዋለን። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የዋጋ ማቅረቢያው ላይ «አሉኮቦንድ፣ 4 ሚሊ ሜትር፣ ግራጫ» ተብሎ ይጻፋል። ኮሚቴው ይፈርማል። ውስጡ ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

ፓኔሉ ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ገጾች አሉት። በመካከላቸው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሙሌት አለ። ሙሌቱ ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ፖሊኢትሊን ነው፤ ፌስታል የሚሠራበት ፕላስቲክ ማለት ነው። ሁለተኛው ፕላስቲኩ አብዛኛው በማዕድን ዱቄት ተተክቶ እሳት እንዲቋቋም የተደረገ ነው፤ ነጋዴዎች «ኤፍአር» ይሉታል። ሦስተኛው ከ90 በመቶ በላይ ማዕድን ነው። በአውሮፓ ደረጃ «ኤ2» የሚባለው ይኼኛው ነው፤ እሳትን በማስፋፋት ረገድ እዚህ ግባ የሚባል ድርሻ የለውም።

ለንደን ውስጥ ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. የተቃጠለውን የግሬንፌል ሕንፃ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። 72 ሰው ሞተበት። እሳቱ የተነሳው ከአንድ ኩሽና ነበር። ሕንፃውን ከውጭ ያለበሰው ፓኔል ሙሌቱ ፖሊኢትሊን ስለነበር ነበልባሉ በውጭው ግድግዳ ተሳቦ ወጣ። ከፓኔሉ በስተኋላ ያለው ክፍተት ደግሞ እንደ ጭስ ማውጫ ያገለግላል። በእንዲህ ያለ ጠባብ ክፍተት የገባ ነበልባል ከተለመደው ርዝመቱ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ሊረዝም ይችላል። እንግሊዞች ከዚያ በኋላ ከ18 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው አዳዲስ መኖሪያዎችና ሆስፒታሎች የውጭ ግድግዳ ላይ የሚቀጣጠል ነገር እንዳይገባ ከለከሉ።

«የእኛ ሕንፃ እኮ አራት ፎቅ ነው» ይባል ይሆናል። አዎ። ግን የእኛ በሽተኛ አራት ፎቅ በስንት ደቂቃ ይወርዳል? ሊፍት በእሳት ጊዜ አይሠራም። የእሳት አደጋ መኪናስ በገበያ ቀን ፒያሳን አቋርጦ በስንት ደቂቃ ይደርሳል? እኔ ለሆስፒታል ፖሊኢትሊን ሙሌት ያለው ፓኔል በነፃ ቢሰጠኝ እንኳ አልሰቅለውም።

እንዴት ይለያል? ሰርተፊኬት ጠይቁ። ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው የምርት መለያና ፓኔሉ ጀርባ ላይ የታተመው አንድ መሆኑን ራሳችሁ አመሳክሩ። ከዚያ ሚዛን አምጡ። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ፣ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረትና ግማሽ ግማሽ ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ገጽ ያለው ፓኔል ሙሌቱ ፖሊኢትሊን ከሆነ 16 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በማዕድን የተሞላው 22 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው። ከ16ም በታች ከሆነ የአሉሚኒየሙ ገጽ ራሱ ተቀንሷል ማለት ነው።

የእሳት ሙከራም አለ። የመዳፍ ያህል ቁራጭ ውሰዱ። ከሕንፃው ራቅ ብላችሁ፣ ከኦክስጅን ማከማቻ ደግሞ በጣም ርቃችሁ፣ ጠርዙን በፒንሳ ይዛችሁ እሳት አስነኩት። ፖሊኢትሊን ቀልጦ እየነደደ ይንጠባጠባል፤ እግራችሁን ጠብቁ። የማዕድኑ ይጠቁራል እንጂ አይንጠባጠብም። ሙከራው የላቦራቶሪን ቦታ አይተካም። የተሳሳተ ዕቃ ግን በር ላይ እንድትመልሱ ይረዳችኋል።

ኤፍአር ወይስ ኤ2? ለሆስፒታል ኤ2ን እመርጣለሁ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሁልጊዜም ገበያ ላይ አይገኝም። ካልተገኘ «ለጊዜው ኤፍአሩን እንስቀል» ከማለት ወደ ሌላ ዓይነት ልባስ መሄድ ይሻላል።

ቀለሙንም ጠይቁ። ፒቪዲኤፍ የሚባለው ቅብ ፀሐይን ይቋቋማል። ፖሊስተር ቅብ ለውስጥ ሥራ ወይም ለማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። በደሴ ፀሐይ ፖሊስተሩ በጥቂት ዓመት ይገረጣል። አንድ ፓኔል ተጎድቶ ሲተካ ደግሞ አዲሱ ከቀሪው ጋር አይመሳሰልም፤ ግድግዳው የተጣፈ ልብስ ይመስላል።

አሉሚኒየም ሲሞቅ ይለጠጣል። ጠቆር ያለ 3 ሜትር ፓኔል በቀን ፀሐይና በሌሊት ብርድ መካከል 50 ዲግሪ ልዩነት ቢያይ 3.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ያጥራል። በአራቱም ማዕዘን በሪቬት ቀፍድዳችሁ ከያዛችሁት ሆዱን ይነፋል። ለዚህ ነው ሞላላ ቀዳዳና በቂ ክፍተት የሚያስፈልገው።

ስለ ሳንድዊች ፓኔል አጭር ነገር ልበል። «ለጊዜው በፍጥነት ይሠራ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመጣው እሱ ነው፦ ሁለት ላሜራ፣ መካከሉ ፎም። ኢራቅ ናሲሪያ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ግቢ ለኮቪድ ሕሙማን እንዲሁ በፍጥነት ተጨምሮ የተሠራ ክፍል ሐምሌ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ተቃጥሎ ቢያንስ 60 ሰው ሞቷል። ሥራው ማስፋፊያ ነበር፤ ልክ እንደ እኛው። ፎም ያለው ፓኔል ለሕሙማን ክፍል አይሁን። ሙሌቱ የድንጋይ ሱፍ ከሆነ መነጋገር ይቻላል።

ፖርስሊን፦ ዕቃው ጎበዝ ነው፣ አያያዙን እዩ

ፖርስሊን አይቃጠልም። ቀለሙ አይለቅም። ውሃ የሚመጠው ከክብደቱ ከ0.5 በመቶ በታች ነው። በሳሙና ይታጠባል። ለሆስፒታል እንደ ዕቃ ከአሉኮቦንድ ይበልጥብኛል።

ግን ያው ውሃ አለመምጠጡ ችግር ያመጣል። ተራ የሲሚንቶ ጭቃ አይነክሰውም። ብዙ ሳይት ላይ የማየው ደግሞ የባሰ ነው። ሠራተኛው ከታይሉ ጀርባ አራቱ ማዕዘንና መሃሉ ላይ አምስት ጉብታ ሲሚንቶ ያደርግና ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። ፈጣን ነው። በውሃ ልክም ቶሎ ይስተካከላል። ግን ከጀርባው አብዛኛው ባዶ ነው። ውሃ ይገባል፣ ፀሐይ ያሞቀዋል፣ ሌሊት ይበርዳል። ከሁለት ሦስት ክረምት በኋላ በእንጨት ቢያንኳኩት ባዶ ጎታ ይመስላል። ከዚያ መውደቅ ይጀምራል። 60 በ60 የሆነ ታይል 8 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከሦስተኛ ፎቅ ሲወርድ አስቡት።

በሙጫ የሚለጠፍ ከሆነ ለውጭ ግድግዳ የተሠራ፣ ፖሊመር ያለው፣ የመለጠጥ አቅም ያለው ሙጫ ይሁን። ከረጢቱ ላይ «ሲ2» እና «ኤስ1» የሚል ምልክት ፈልጉ። ግድግዳውም የታይሉ ጀርባም ይቀባ፤ በጥርሳም ማንኪያ ይሰመር። ታይል ከታይል ጋር ገጥሞ አይለጠፍ። በየ3 እና 4 ሜትሩ ደግሞ በሲሊኮን የሚዘጋ የመተንፈሻ ክፍተት ይተው። ይህ ሁሉ ቢሟላም እኔ በሙጫ የምለጥፈው ከምድር ቤት ቁመት አላልፍም።

ከዚያ በላይ ከሆነ በክሊፕ ይሁን። ግድግዳው ላይ የአሉሚኒየም ወይም የጋልቫናይዝድ ሐዲድ ይተከላል፤ ታይሉ በማይዝግ ብረት ክሊፕ ይያዛል። ውሃ ቢገባ እንኳ በክፍተቱ ወርዶ ይወጣል። የተሰበረ ታይል ለብቻው ይነቀላል። ከታይሉ ጀርባ የፋይበር መረብ ተለጥፎ የሚመጣውን እዘዙ፤ ቢሰነጠቅ እንኳ ስብርባሪው አይበተንም። ዋጋው በሙጫ ከሚለጠፈው ይበዛል፤ ብዙው ወጪ የሐዲዱና የክሊፑ ነው።

ብሎኬት ላይ መብሳት

አሉኮቦንድም ሆነ ፖርስሊን በክሊፕ፣ ሁለቱም ግድግዳ ላይ በሚተከል ብረት ነው የሚያዙት። የእኛ ግድግዳ ደግሞ ባዶ ብሎኬት ነው። ሆዱ ክፍት ነው፤ ገጹ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው።

ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ልጆቹ ብሎኬቱን እየበሱ በተራ ፊሸር (የፕላስቲክ መያዣ) እና ብሎን ቱቦላሬውን፣ ማለትም ፓኔሉን የሚሸከመውን ባዶ ሆድ ብረት፣ ሲያስሩ አየሁ። ጥያቄ አነሳሁ። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው» ተባልኩና ተውኩት። በሦስተኛው ዓመት በነፋስ ጊዜ ከአንዱ ማዕዘን ፓኔሎች ተላቀቁ። ሰው አልጎዱም፤ አልሐምዱሊላህ። ስንከፍተው አንዳንዱ ፊሸር በጣት ተነቅሎ ይወጣ ነበር። ዝም ያልኩበት ያ ቀን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን በየሳይቱ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

መደረግ ያለበት ይኼ ነው። ዋናው ማሰሪያ ኮንክሪት ላይ ይሁን፦ አምድ፣ ቢም፣ የስላብ ጠርዝ። ከስላብ እስከ ስላብ የሚሄድ ቋሚ ብረት ከተሠራ ብሎኬቱ ክብደት አይሸከምም። ብሎኬቱን ማሰር ግድ ከሆነ በዚያ ቦታ ያሉት ብሎኬቶች በኮንክሪት ይሞሉ፤ ወይም ለባዶ ብሎኬት የተሠራ ወንፊትና ኬሚካል ያለው ማሰሪያ ይግባ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ደግሞ በየግድግዳው ጥቂት ማሰሪያዎች ተተክለው በመንቀያ መሣሪያ ይጎተቱ። ቁጥሩ ይመዝገብ። ከዲዛይኑ ጋር ይመሳከር። ይህን ፍተሻ ከቢኦኪው (ከሥራና ዋጋ ዝርዝሩ) ውስጥ እንደ አንድ ተራ ካላስገባችሁት ማንም አይሠራውም።

ብረቱስ? ጥቁር ቱቦላሬ አንድ እጅ ቀለም ተቀብቶ ከፓኔል ጀርባ ከተደበቀ በደሴ እርጥበት ይዝጋል፤ ማንም አያየውም። ጋልቫናይዝድ ይሁን። ብየዳ የነካው ቦታ ሁሉ በዚንክ ቀለም ይታደስ። አሉሚኒየምና ብረት በቀጥታ እንዳይነካኩ ላስቲክ ወይም ናይለን በመካከላቸው ይግባ፤ እርጥበት ባለበት ሁለቱ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል።

በየፎቁ ደረጃና በየመስኮቱ ዙሪያ ከጀርባ ያለው ክፍተት በድንጋይ ሱፍ ይዘጋ። እሳቱ ከፎቅ ወደ ፎቅ እንዳይሳብ የሚይዘው ያ ነው። ከታችና ከላይ ያለው የአየር መግቢያ ደግሞ በጠንካራ የሽቦ ወንፊት ይሸፈን። ካልተሸፈነ ርግብ ይገባል። የርግብ ኩስ የሰውነት መከላከያው የደከመ በሽተኛን የሚጎዳ ፈንገስ ሊይዝ ይችላል። ለሌላ ሕንፃ ርግብ የጽዳት ጉዳይ ነው። ለሆስፒታል የሕክምና ጉዳይ ነው።

ድንጋይና ፋይበር ሲሚንቶ

ድንጋይን እወደዋለሁ። ወሎ ላይ ደግሞ ድንጋይ የሚያውቅ ግንበኛ አይጠፋም። ከታች፣ አምቡላንስ በሚቆምበት፣ የአልጋ ጎማና የዕቃ ጋሪ በሚያንኳኳው፣ የጣሪያ ውሃ በሚረጨው ግድግዳ ላይ እንደ ድንጋይ ያለ የለም። እስከ 1.5 ወይም 2 ሜትር ድረስ በደንብ የተሠራ ድንጋይ ዕድሜ ልክ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ግን ክብደቱን አስታውሱ። ከፍ ብሎ የሚሰቀል ድንጋይ በማይዝግ ብረት መንጠቆ ኮንክሪት ላይ ካልተያዘ፣ በሲሚንቶ ብቻ ከተለጠፈ፣ መንቀጥቀጥ ባለበት አገር አልተኛም።

ፋይበር ሲሚንቶ ቦርድ እኛ ጋ ገና ብዙ አልተለመደም። ሊለመድ ይገባል ብዬ አስባለሁ። ዋናው ሲሚንቶ ስለሆነ ነበልባል አያዛምትም፣ ቀላል ነው፣ ቀለም ይይዛል። ሁለት ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ። «ከአዝቤስቶስ ነፃ» የሚል ሰርተፊኬት ይኑረው። ሲቆረጥ ደግሞ አቧራው ሳንባ የሚጎዳ ሲሊካ ስላለበት ሠራተኛው ደረጃውን የጠበቀ ጭምብል ያድርግ፤ ቆረጣውም ከሕሙማን መስኮት ይራቅ። የተቆረጠው ጠርዝ ቀለም ሳይቀባ ከተሰቀለ ውሃ ይመጥጣል።

ስለ ከርተን ዎል፣ ማለትም ሙሉ የመስታወት ግድግዳ፣ ብዙ አልልም። መግቢያው አዳራሽ ላይ ጥቂት መስታወት መልካም ነው። የሕሙማን ክፍል ፊት ለፊቱ ሁሉ መስታወት ከሆነ ግን ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ይጋላል፣ መስኮቱም በቂ አይከፈትም። ሳንባ ነቀርሳ በሚታከምበት አገር የሚከፈት መስኮት መድኃኒት ነው።

ልስንና ቀለም፦ የተናቀው አማራጭ

ኮሚቴው ልስንን ጨርሶ አላነሳውም ነበር። «የድሃ ሥራ» መስሏቸው ይሆናል። ልስን ግን አይቃጠልም። ከጀርባው ክፍተት የለውም፤ እሳት አይሳብበትም፣ ርግብ አይገባበትም። ባለሙያው ደሴ ውስጥ አለ። ሲሚንቶና አሸዋው በብር ይገዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ድክመቱ ስንጥቅና ጥገና ነው። ብሎኬትና ኮንክሪት በሚገናኙበት መስመር ሁሉ መረብ ሳይደረግ ከተለሰነ ይሰነጠቃል፤ በዚህ አልጠራጠርም። ልስኑ በንብርብር ይሠራ፤ አንዱ ሳይጠነክር ሌላው አይደገም። ሳምንት ያህል ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ። ከዚያ ደርቆ፣ ጥሩ የውጭ ቀለም ወይም ኳርትዝ የሚባለው ሸካራ ቅብ ይቀባ። ቀለሙን በየጥቂት ዓመቱ ማደስ አለ፤ ያ ወጪ ከአሁኑ ይታሰብ። የሥራው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው።

አንድ አዛውንት ግንበኛ ልምድ ሲያካፍሉኝ «ልጄ፣ ግድግዳውን ተወው፤ አናቱን አሳየኝ» ብለውኝ ነበር። ልክ ናቸው። የፓራፔቱ (ከጣሪያው ጠርዝ በላይ የሚወጣው አጭር ግድግዳ) አናት በላሜራ ወይም በድንጋይ ካልተሸፈነ፣ አሸንዳው ካፈሰሰ፣ ከመስኮቱ ሥር ያለው ጠርዝ ውሃ የሚያንጠባጥብበት ጎድጓዳ መስመር ከሌለው፣ የትኛውንም ልባስ ብትመርጡ ከላይ ወደ ታች ጥቁር ዕንባ ይወርድበታል። እርጥበቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ የክፍሉን ግድግዳ ያሻግታል።

አሮጌውና አዲሱ የሚገናኙበት ቦታ

ይህ የማስፋፊያ ሥራ ልዩ ችግር ነው። አሮጌው ሕንፃ ከመሬቱ ጋር ከተላመደ ቆይቷል። አዲሱ ገና ይቀመጣል። በመንቀጥቀጥ ጊዜም ሁለቱ ለየብቻ ይወዛወዛሉ። ለዚህ ሲባል መሐንዲሱ በመካከላቸው ክፍተት ይተዋል። ከዚያ የልባስ ሠራተኛው ይመጣና «ያምር ዘንድ» አንድ ፓኔል ወይም አንድ ታይል በክፍተቱ ላይ አሻግሮ ይለጥፋል። በመጀመሪያው ክረምት ይሰነጠቃል። ውሃው የሚገባው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው በአልጋ በሚተላለፍበት ኮሪደር ላይ ነው።

ልባሱ በክፍተቱ ግራና ቀኝ ይቁም። በላዩ ላይ እንዲንቀሳቀስ ተደርጎ የተሠራ መሸፈኛ፣ በአንድ ወገን ብቻ የታሰረ ላሜራ፣ ይደረግ። ከውስጥ ውሃ የሚይዝ ላስቲክና እሳት የሚይዝ የድንጋይ ሱፍ ይኑረው። ይህን ቦታ በትልቁ የሚያሳይ ሥዕል ከአማካሪው ጠይቁ። ሥዕሉ ከሌለ ሥራው አይጀመር።

እኔ ብሆን

ለእኚያ ሰው የነገርኳቸው ይህን ነው። ከመሬት እስከ 2 ሜትር ድንጋይ። ከዚያ በላይ የጎንና የኋላ ግድግዳዎች በሙሉ ጥሩ ልስንና ኳርትዝ። በዋናው የፊት ገጽታ ላይ ገንዘቡ ካለ ፖርስሊን በክሊፕ፤ ከሌለ እዚያም ልስን። አሉኮቦንድ ከፈለጋችሁ ኤ2 ብቻ፣ ያውም በመግቢያው ዙሪያ በጥቂቱ። በኦክስጅን ማከማቻውና በማምለጫ ደረጃው ዙሪያ ግን ኤ2ም ቢሆን አይሁን፤ እዚያ ልስን ይበቃል። ከዚህ የሚተርፈው ገንዘብ ለሌላ ይዋል። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሆስፒታሎች ምን እንደተዘረፉ እናውቃለን፤ የሚያብረቀርቅ ግድግዳ አንድ ማሞቂያ አልጋ አይተካም።

ዋጋ ስታወዳድሩ ሁሉንም በአንድ ሚዛን አስቀምጡ። «በካሬ ይህን ያህል» ሲባል ብረቱ፣ ማሰሪያው፣ ስካፎልዲንጉ፣ የእሳት መዝጊያው፣ የመስኮት ዙሪያው ተካቷል ወይ? ዋጋው ለስንት ቀን ይጸናል? ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ዕቃው በሚሌና በባቲ በኩል መጥቶ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ሊራገፍ ይችላል ወይ? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃን በምድብ ሐ፣ ማለትም ከምድቦቹ ጥብቅ በሆነው፣ አስቀምጦት ነበር። አሁንም የልባሱ ዲዛይን የተመዘገበ ባለሙያ ፊርማ ይኑርበት፤ «አቅራቢው ያውቃል» አይበቃም።

ሥራው ሲጀመር አሮጌው ሆስፒታል ሕሙማን እንዳሉበት አትርሱ። የግንባታ አቧራ አስፐርጊለስ የሚባል ፈንገስ ይዞ ይሄዳል፤ ለደካማ ሳንባ ገዳይ ነው። በሥራው በኩል ያሉት መስኮቶች ይታሸጉ። ቆረጣ በውሃ ይሁን። የጨቅላ ሕፃናት ክፍልና ቀዶ ጥገና አጠገብ የሚሠራበት ሰዓት ከነርሶቹ ኃላፊ ጋር በጽሑፍ ይስማማ። ብየዳና ግራይንደር ከኦክስጅን መስመር አጠገብ በፈቃድ ብቻ። ስካፎልዲንጉ መረብ ይልበስ፤ የአምቡላንስ መግቢያ ላይ ጠንካራ ጣሪያ ይደረግ።

ሙሉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት 3 በ3 ሜትር የሆነ ናሙና በእውነተኛው ግድግዳ ላይ ይሠራ፤ መስኮት ያካተተ ይሁን። ለሩብ ሰዓት በውሃ ቱቦ ይረጭ። ከውስጥ ገብታችሁ ግድግዳውን በእጃችሁ ዳብሱት። ከደረቀ ያ ናሙና መለኪያ ይሁን፤ ፎቶው ከውሉ ጋር ይያያዝ። የመጨረሻው ርክክብ ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት ካለፈ በኋላ ይሁን፤ ሪቴንሽኑም (ከክፍያው የሚያዘው ገንዘብ) እስከዚያ አይለቀቅ። ከተረፈው ፓኔልና ታይል ደግሞ ከዚያው የምርት ቁጥር ጥቂት ካርቶን ስቶር ይግባ፤ ላዩ ላይ የግድግዳው ስምና የምርት ቁጥሩ ይጻፍበት።